የአቶ ይሄይስ የኮፈን ትራስ

ጂቡቲ ላይ ሰኔ ሲገባ የሰው ሁሉ ጠባይ ይለወጣል። ሱቁ ከረፋዱ ጀምሮ ይዘጋል፣ ሰላምታው ያጥራል፤ ካምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ አሸዋውን ይዞ የመጣ እንደሆነ ደግሞ የተጣላውም የታረቀውም እኩል ፊቱን ሸፍኖ ይተላለፋል። በሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ እንዲህ ባለ አንድ ዓርብ ጠዋት፣ አቶ ይሄይስ ከአምቡሊ ድልድይ ማዶ ወደ ባልባላ በሚያወጣው መንገድ ዳር ጀሪካን ገልብጠው ተቀምጠው ነበር። ፊት ለፊታቸው አሮጌዋ ላንድ ክሩዘር ፒክአፕ እንፋሎቷን ትለቃለች።

አቶ ይሄይስ በመንዳት ጥርሳቸውን የነቀሉ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው ከአዲስ አበባ ጂቡቲ ከባድ መኪና ነድተዋል፤ ኋላም እዚሁ ቀርተው በዚህች ፒክአፕ ከወደብ ወደ ገበያ ዕቃ ያመላልሳሉ። ስለ መኪና ምክር የጠየቃቸው ሁሉ መልስ ያገኛል፤ ያልጠየቃቸውም ያገኛል። በዚያን ዕለት ግን ምክራቸውን የሚሰማ ሰው አጠገባቸው ስላልነበረ ከመኪናዋ ጋር ተፋጠው ተቀምጠዋል።

አንድ ሚኒባስ ቆመና ቦርሳ ያንጠለጠለች ወጣት ወረደች።

«ጋሽ ይሄይስ! እንደምን አደሩ? ምን ሆነው ነው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እኔ ምንም አልሆንኩም። እሷ ናት እንጂ» አሉ መኪናዋን በአገጫቸው እያሳዩ። «ይቅርታ ልጄ፣ ማን ልበል?»

«ፀዳል ነኝ። የእትዬ የውብዳር ልጅ።»

«የየውብዳር! አንቺ ነሽ? አገር ቤት ትምህርት ሄደች ሲሉ ሰምቼ ነበር።»

«ጨርሼ መጣሁ። የተማርኩት የሞተር ነገር ነው፤ አሁን እዚሁ ጄኔሬተር የሚጠግን ድርጅት ውስጥ እሠራለሁ። እትዬ ሙሉነሽስ እንዴት ናቸው?»

አቶ ይሄይስ ላባቸውን በመሀረብ ጠረጉ። ያስጨነቃቸው የመኪናዋ መሞቅ ብቻ አልነበረምና፣ ነገሩን እዚህ ላይ መናገር ይሻላል።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ሙሉነሽ ልባቸው ደካማ ነው። ሐኪማቸው የእነዚህን ወራት ሙቀት ከተማ ውስጥ እንዳያሳልፉት፣ ይልቁንም ነፋሻ ወደሆነው ወደ አርታ ተራራ እንዲወጡ ደጋግሞ አስጠንቅቋል። ባለፈው ዓመት ሁለቱም ፍራሽና ዕቃቸውን ጭነው ጉዞ ጀምረው ነበር። ዌአ የተባለችውን መንደር አልፈው ዳገቱ አጋማሽ ላይ ሲደርሱ ሞተሩ ፈላ። አቶ ይሄይስ የያዙትን ውሃ ሁሉ አፈሰሱበት፤ እሱ ሲያልቅ ሚስታቸው ለመጠጥ የያዙትንም አፈሰሱበት። መኪናዋ ሳትነሳ ቀረች። ወይዘሮ ሙሉነሽ በዚያ ፀሐይ በደረቀ ጉሮሮ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ራሳቸውን ሳቱ፤ አንድ ደግ የከባድ መኪና ሹፌር ነው አንስቶ ሐኪም ቤት ያደረሳቸው። ከዚያ ወዲህ «በዚያች መኪና ዳግመኛ አልሳፈርም» ብለው ምለዋል። ሚኒባስ ውስጥ ሰው የሚሳፈረው ተጨናንቆ ነውና እሱንም አይችሉትም። ዘንድሮም ሙቀቱ እየከረረ ነው፤ እሳቸውም ከቤት ንቅንቅ አላሉም።

«ደህና ናት» አሉ አቶ ይሄይስ በመጨረሻ፤ እንዳልሆነች ግን ድምፃቸው ተናገረ።

ፀዳል ወደ ሞተሩ ክዳን፣ ወደ ኮፈኑ፣ ጠጋ ብላ ጎንበስ አለች። «ጋሽ ይሄይስ፣ ይሄ እንጨት ምንድን ነው?»

«ትራስ ነዋ!» አሉ፤ ስለ መኪና ሲጠየቁ ፊታቸው ይፈካል። «የኮፈን ትራስ። ከወደብ የዕቃ መደርደሪያ የፓሌት እንጨት ቆርጬ ማጠፊያው ላይ አስገባሁበት። አየሽ፣ ኮፈኑ ከኋላ፣ ከመስታወቱ ሥር፣ ቀና ብሎልሻል። ሙቀቱ በዚያ ይወጣል። በዚህ አገር ያለ ሹፌር ግማሹ እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ ያስተማርኳቸውም እኔ ነኝ። ካላመንሽ እጅሽን ክፍተቱ ላይ አድርጊ።»

ፀዳል እጇን አስጠግታ ወዲያው መለሰችው። «ያቃጥላል! እውነትዎን ነው፣ ይወጣል።»

«አላልኩሽም?»

«አሁን ቆማ ነው። ስትሄድስ?»

«ስትሄድማ ይብሳል እንጂ!»

«አይተውታል?»

«ልጄ፣ እየነዳሁ እጄን በምን በኩል አድርጌ ነው እዚያ የማስገባው?»

ይህን እንዳሉ አቶ ይሄይስ ራሳቸው ያሉትን ሰሙትና ትንሽ ቅር አላቸው። ብዙዎቻችን እንዲህ ነን፤ ቆመን ያየነውን ነገር ስንሄድም ያው ነው ብለን እንነዳለን።

«እንግዲህ ካልተቆጡኝ የተማርኩትን ልንገርዎት» አለች ፀዳል። «መኪናዋ ስትሄድ ነፋሱ መጥቶ ከመስታወቱ ጋር ይላተማል፤ እዚህ ጥግ ላይም ይታመቃል። የታመቀ ነፋስ ደግሞ ክፍተት ካገኘ ይገባል። ስለዚህ ስትቆም ሙቀት የሚወጣበት ክፍተት፣ ስትሄድ ነፋስ የሚገባበት ይሆናል ማለት ነው።»

«ይግባ! ነፋስ መቼ ጠላሁ? ነፋስ ያቀዘቅዛል።»

«ራዲያተሩን ሳይነካ ነዋ የገባው! ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው በራዲያተሩ ውስጥ አልፎ የሚመጣው ነፋስ ነው። ድግስ ቤት ሰው በጓሮ በር እየገባ ከሞላው፣ በፊት በር የመጣው እንግዳ የት ይገባል? ደጅ ቆሞ ይቀራል። የእርስዎም ራዲያተር እንግዳው ደጅ ቆሞበታል።»

አቶ ይሄይስ ከት ብለው ሳቁ። «ጎበዝ ነሽ፣ አፍሽ የእናትሽ ነው። ግን ልጄ፣ እኔ ይህን ትራስ ያደረግኩት አንቺ ሳትወለጂ ነው።»

ውሃውን ጨመሩና ወደ ባልባላ የምትሄጂ ከሆነ ልውሰድሽ አሏት። እሷም እትዬ ሙሉነሽን ሳልጠይቅ አላልፍም ብላ ተሳፈረች።

ወይዘሮ ሙሉነሽ ባልባላ ውስጥ ዋራበሌ በተባለው ሰፈር ባለው ቤታቸው፣ በር ላይ እርጥብ ነጠላ አስጋርደው፣ ጋደም ብለው ዳንቴል ይሠሩ ነበር። ፀዳልን አገላብጠው ሳሟት። ከንፈራቸው መጥቆሩን፣ ሁለት ቃል ተናግረው አንድ ጊዜ መተንፈሳቸውን አየች።

«አርታ ለምን አልወጡም?» አለች።

«እኔና ያቺ መኪና ተፋተናል» አሉ ወይዘሮ ሙሉነሽ። «ባሌ ግን ሁለታችንንም ይዞ ይኖራል።»

«ሙሌ፣ እባክሽ በሰው ፊት» አሉ አቶ ይሄይስ።

«ሰው አይደለችም፣ የየውብዳር ልጅ ናት። እስቲ አንቺ የተማርሽው፣ ይቺ መኪና ምን ነክቷት ነው?»

ፀዳል መንገድ ላይ ያለችውን ደገመችላቸው። አቶ ይሄይስም ዝም አላሉም። «እኔ ተሳስቼ እንኳ ቢሆን፣ ይህ ሁሉ ሹፌር ተሳስቷል? ከድንበሩ ከደወሌ እስከ ወደብ ያለው ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚነዳው?»

«ዓይናቸውን አልጨፈኑም፣ ጋሽ ይሄይስ። ግን ሁሉም ያዩት ቆመው ነው። አንዱ ከአንዱ ተቀበለ እንጂ ማን ፈተነው? እኔንም ቢሆን በቃሌ አይመኑኝ። እትዬ ሙሉነሽ፣ ከዚያ ከቀዩ ክር ትንሽ ይቆርጡልኛል?»

«ክር ምን ያደርጋል?» አሉ ባልየው።

«እጅዎ የማይደርስበት ቦታ ክር ይደርሳል። ክፍተቱ ላይ ደርድረን እናጣብቀዋለን። ሙቀት ከወጣ ክሩ ወደ ውጭ ይርገበገባል፣ ነፋስ ከገባ ክሩም ይገባል። እርስዎ መሪ እንደያዙ በመስታወቱ ያዩታል።»

ወይዘሮ ሙሉነሽ ክሩን እየቆረጡ «አንተ ሰውዬ፣ ክር ትፈራለህ እንዴ?» አሉ። ይህ ቀልድ ከየትኛውም ክርክር ይልቅ ሠራ። አቶ ይሄይስ ተነሡ።

በማግሥቱ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ፣ ከተማው ዳር ያለውን ፒኬ 12 የተባለውን ሰፈር አልፈው ሜዳማው አስፋልት ላይ ደረሱ። የኮፈኑ የኋላ ጫፍ ላይ ቀያዮቹ ክሮች ተደርድረዋል። ከፊት በኩል፣ ኮፈኑ ላይ ከራዲያተሩ ትንሽ ወደ ኋላ፣ ድሮ ጌጥ ታስሮበት የነበረ የብሎን ቀዳዳ አለ፤ ፀዳል በእሱም አንድ ክር ከታች ቋጥራ ጫፉን ውስጥ ተወችው። መኪናዋ ቆማ ሞተሩ ሲሠራ የኋላዎቹ ክሮች ወደ ውጭ ተርገበገቡ።

«ይኸው!» አሉ አቶ ይሄይስ።

«ይኸው» አለች ፀዳልም። «አሁን ይንዱ።»

ማርሽ እየቀየሩ ፍጥነት ጨመሩ። ክሮቹ መጀመሪያ ተወዛገቡ፣ ቀጥሎ ጫፋቸውን አዞሩ፣ ከዚያም አንድ በአንድ እንደ ፓስታ ወደ ውስጥ ተመጠጡና ከዓይን ጠፉ። አቶ ይሄይስ አፋቸውን ያዙ። ፍሬን ያዙና ቆሙ፤ ክሮቹ ወጡ። ነዱ፤ ክሮቹ ገቡ። እንደገና ቆሙ። ልጅቷ ምንም አላለችም፤ ለዚህ ዝምታዋ ምስጋና ይገባታል፣ የተማረ ሰው በዚህ ጊዜ ዝም ማለት ሲያቅተው ብዙ አይተናልና።

እየነዱ ሳሉ አቶ ይሄይስ ድንገት ጮኹ። «ያቺን ክር እያት! የፊተኛዋን! ውስጥ አልነበረችም እንዴ?»

በብሎኑ ቀዳዳ በኩል ቀይዋ ክር ወደ ላይ ወጥታ በኮፈኑ ላይ ተዘርግታ ትንቀጠቀጣለች።

«ነበረች» አለች ፀዳል። «እዚያ ቦታ ላይ ነፋሱ ኮፈኑን አይጫነውም፣ ላዩን ሸርተት ብሎ ያልፋል፤ ሲያልፍም ከሥሩ ያለውን ይስባል። ሙቀቱ መውጣት ያለበት በዚያ ነው፤ ያገኙትም እርስዎ ነዎት።»

አቶ ይሄይስ መኪናዋን ዳር አስይዘው ወረዱ። መፍቻ ይዘው ማጠፊያውን አላልተው ሁለቱን የእንጨት ትራሶች አወጡ። በእጃቸው አገላብጠው አዩአቸው። «ያን ቀን ዳገቱ ላይ ሞተሩ የታፈነው በእነዚህ ነዋ» አሉ። «የመጠጥ ውሃዋን የወሰድኩባት በእነዚህ የተነሣ ነው።»

«በእነዚህ ብቻ አይደለም» አለች ፀዳል ቶሎ ብላ። «ራዲያተሩም ቆሽሿል። ቬንቲሌተሩን ይከብበው የነበረው ቀለበትስ የት ሄደ?»

«ያፍነዋል ብዬ አወጣሁት።»

«ያንን የሚያህል ነገር የት ጣሉት?»

አልተጣለም። ወይዘሮ ሙሉነሽ ግቢ ውስጥ በሶብላቸውን ፍየል እንዳይበላው አጥረውበት ነበር። ያለ እሱ ቬንቲሌተሩ ነፋሱን ከራዲያተሩ መሳቡን ትቶ እዚያው በዚያው ሲያሽከረክረው ይውላል። በሶብላው አጥሩን መለሰ፤ ለእሱ ሌላ ቆርቆሮ ተፈለገለት።

የቀረው ሙቀቱ እንዲወጣ ክሯ ባሳየችው ቦታ ኮፈኑን መቅደድ ነበር። እዚህ ላይ አቶ ይሄይስ መልሰው ጠነከሩ።

«የመኪና ኮፈን ማለት የሰው ግንባር ነው። ግንባሬን አስበጣጥሼ ወደብ ልገባ ነው? ሹፌሩ ሁሉ ይሥቅብኛል።»

«ሞተርዎ ሲፈላ የሚሥቁት ይበዛሉ ወይስ ግንባርዎ ሲቀደድ?»

«እሺ፣ ሣቁ ይቅር። ዝናቡስ? እዚህ አገር ዝናብ ሲመጣ ጎርፍ ሆኖ ነው። ካልሽው ቦታ ሥር ለሞተሩ እሳት የሚያከፋፍለው ዲስትሪቡተሩ አለ። እሱ ከረጠበ መኪናዋ ፈልታ ሳይሆን በርዳ ትቆማለች። ይህን ትምህርት ቤት ነግረውሻል?»

ፀዳል ጎንበስ ብላ ዲስትሪቡተሩን አየችው። ከዚያ ሣቀች። «አላሰብኩትም። የተማርኩበት አገር ዝናቡ ሌላ ነው። ምን እናድርግ?»

ሽማግሌው ሲጠየቁ ፊታቸው እንደሚፈካ ብለናል። ብረት ሠራተኛው ሙጠሊብ ጋ ይዘዋት ሄዱ፤ እሱ ካርቲዬ ሁለት በሚባለው ሰፈር ላሜራ ሲቀጠቅጥ ያረጀ ሰው ነው። አቶ ይሄይስ አንድ ጊዜ በአማርኛ፣ አንድ ጊዜ በሶማሊኛ አስረዱት። ሙጠሊብ ሰምቶ ጨረሰና «ሄሮን ሰፈር ውስጥ ያሉትን የድሮ የፈረንጅ ቤቶች መስኮት አይታችኋል?» አለ። «እንጨቱ ተጋድሞ ተደራርቦ፣ ነፋስ ያሳልፋል፣ ዝናብ አያስገባም። እንደዚያ አድርጌ እቆርጠዋለሁ፤ አፉን ወደ መስታወቱ አዞረዋለሁ። ከሥሩም የወረደውን ውሃ ወደ ጎን የሚያፈስ ቦይ አደርግበታለሁ።»

«አፉ ወደ ኋላ ከዞረማ ነፋሱ ራሱ ሙቀቱን እየሳበ ያወጣዋል!» አለች ፀዳል ተደስታ። እንዲህ ሆኖ፣ አንዷ ከመጽሐፍ፣ አንዱ ከመንገድ፣ አንዱ ከመስኮት ያመጡት ተገጣጠመ። ሙጠሊብ ቆረጠ፣ አጠፈ፣ ሞረደ። በራዲያተሩ ዙሪያ የነበረውን ክፍተት በአሮጌ ጎማ ደፈኑት፤ ነፋስ በራዲያተሩ ካልሆነ በሌላ እንዳይገባ ማለት ነው። ራዲያተሩም ታጠበ።

ወደብ ላይ ሹፌሮቹ እውነትም ሣቁ። «ጋሽ ይሄይስ፣ ኮፈንዎን ጅብ ቧጨረው?» አሉ። አቶ ይሄይስ አልተቆጡም። መኪናዋን አስነሥተው እጃቸውን በቀዳዳው ላይ እንዲያደርጉ ጋበዟቸው፤ ከዚያም አንዱን ሹፌር አስቀምጠው፣ በእሱ መኪና ትራስ ላይ ቀይ ክር አጣብቀው፣ እስከ መንገዱ ጫፍ አስነዱት። ሲመለስ ሣቁን ትቶ ነበር።

«ስሙኝ» አሉ አቶ ይሄይስ፤ አሁን የሚመክሩት እንደ ድሮው በደፈናው አልነበረም። «ትራሱን ያስተማርኳችሁ እኔ ነኝ፣ የማነሣውም እኔ ነኝ። ቆማ ያያችሁትን ብቻ አትመኑ፣ ስትሄድ እዩአት። ሙቀቱን ከራዲያተሩ ጀርባ በላይ በኩል አውጡለት፤ ዳገት ላይ ቀስ ስትልም ቬንቲሌተሩ የሳበውን በዚያው ታወጣዋለች፣ ስትቆምም ሙቀት ወደ ላይ መውጣት ስለሚወድ በራሱ ይወጣል። ያን ጊዜ የሞተራችሁ ጓርኒሲዮን አይቃጠልም፣ ራሱ ቴስታታው አይጣመምም፣ መንገድ ዳር ጀሪካን ገልብጣችሁ አትቀመጡም። ውሃችሁንም ሰው ይጠጣዋል።» የመጨረሻዋን ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ አለ፤ ሹፌሮቹ ለምን እንደሆነ አላወቁም።

ነገር ግን መፈተኛው ወደብ አልነበረም። አንድ ጠዋት አቶ ይሄይስ ሚስታቸው አጠገብ ተቀመጡ።

«ሙሌ፣ ምለሻል፤ መሐላሽን አክብሪ አልልሽም፣ አፍርሺም አልልሽም። መኪናዋን ግን ነገሬ ብዬ አሠርቻታለሁ።»

ወይዘሮ ሙሉነሽ ዳንቴሉን አስቀመጡ። «እንጨቶቹንስ?»

«አወጣኋቸው።»

«አንተ? በገዛ እጅህ?»

«በገዛ እጄ።»

ወይዘሮ ሙሉነሽ ባላቸውን ቀና ብለው አዩአቸው። ሰውየው ተሳስቼ ነበር ማለትን በዘመናቸው የተማሩት አይመስልም ነበርና። «እንግዲያው እሄዳለሁ» አሉ። «ግን ጀሪካን ሙሉ ውሃ እግሬ ሥር ይቀመጥ። ማንም አይንካብኝ።»

ፀዳል ከኋላ ዕቃው መሐል ተቀመጠች። ዌአ ላይ ሙቀቱ ፊት ይለበልብ ነበር፤ ዳገቱም ጀመረ። አቶ ይሄይስ አንድ ዓይናቸው መንገዱ ላይ፣ አንድ ዓይናቸው የሙቀት መርፌዋ ላይ ነበር። ባለፈው ዓመት የቆሙበት መታጠፊያ ሲደርስ ወይዘሮ ሙሉነሽ አንድ እጃቸውን ጀሪካኑ ክዳን ላይ አድርገው፣ ሌላውን የባላቸው ክንድ ላይ አደረጉ። ሁለቱም ያችን የተቀመጡባትን ድንጋይ አዩአት። ከኮፈኑ ቀዳዳዎች ሙቀቱ እየተርገበገበ ወጥቶ ከፊታቸው ያለውን መንገድ ውሃ አስመሰለው። መርፌዋ ከመካከል ትንሽ ከፍ አለች፣ እዚያው ቆመች፣ ከዚያ በላይ አልወጣችም። ድንጋይዋ ከኋላ ቀረች።

አርታ ላይ ነፋሱ ሌላ ነበር። ወይዘሮ ሙሉነሽ ከመኪናዋ ሲወርዱ ነጠላቸው ተንሳፈፈ፤ ቆመው በረጅሙ ተነፈሱ፣ ደግመው ተነፈሱ፤ አቶ ይሄይስም እያንዳንዱን ትንፋሽ በልባቸው አብረው ተነፈሱ።

«ጀሪካኑን አምጣልኝ» አሉ ወይዘሮ ሙሉነሽ።

አቶ ይሄይስ ኮፈኑን ሊከፍቱ ጎንበስ ብለው ነበር፤ ቀና አሉ። «ራዲያተሩ አልፈለገም እኮ፣ ሙሌ። አንድ ጠብታ አልጠጣም።»

«ለራዲያተሩ መች አልኩህ?»

አቶ ይሄይስ በኩባያ ቀድተው ሰጧቸው። ወይዘሮ ሙሉነሽ ቀስ ብለው፣ እስከ ታች ጠጡት፤ ከዚያ ራሳቸው ሁለተኛ ቀድተው ለባላቸው ሰጡ። አቶ ይሄይስ ኩባያውን ተቀበሉ፤ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ እሳቸውም እስከ ታች ጠጡት።